የኮምፕሬሰር ዘይት፦ በመስታወት፣ በስዊች ወይስ በሴንሰር?

የዘይት መቆጣጠሪያ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ቀድሞ የሚያወጣላችሁ ውዱን ነው። ቆይ በሉት። መጀመሪያ ማሽናችሁ ምን ዓይነት ነው?

የዘይቱን ደረጃ የሚያሳየው መስታወት ከማሽኑ ጋር ስለሚመጣ ወጪ የለውም። ግን ይዋሻል። አሮጌ መስታወት መሃሉ ላይ ቡናማ መስመር ይይዛል፤ ዘይቱ ወርዶም ግማሽ የሞላ ይመስላል። እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ። አሁን ባትሪ ከጎን ሳላበራበት አላምነውም። ማሽናችሁ ስክሪው (በሁለት ጠመዝማዛ ዘንጎች አየር የሚጨምቅ) ከሆነ ደግሞ መስታወቱ መቼ እንደሚታይ መመሪያውን አንብቡ፤ ብዙዎቹ ጠፍተው፣ አየራቸው ወጥቶ፣ ዘይቱ ከረጋ በኋላ ነው የሚታዩት። መስታወቱ የማይተካው በአንድ ነገር ነው፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

የዘይት ፕሬሸር ስዊች ፖምፓ ላለው ፒስተን ኮምፕሬሰር ግዴታ ነው። ግፊት ሲወርድ ማሽኑን ራሱ ያጠፋዋል፤ ሰው እስኪደርስማ ኩሽኔታው ያልቃል። ለማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር የምትገዙ ከሆነ የግፊት ልዩነት የሚለካውን ውሰዱ። የካርተሩ፣ ማለትም ከታች ዘይቱ የሚጠራቀምበት ክፍል፣ ግፊት ስለሚለዋወጥ ተራው ስዊች አያዋጣም። ዘይት በመርጨት ለሚሠራ ትንሽ ፒስተን ግን ምን ያደርግለታል? ፖምፓ እንኳ የለውም።

ስክሪውም አብዛኛው የዘይት ፖምፓ የለውም፤ ዘይቱን የሚገፋው ዘይትና አየር የሚለያዩበት ታንክ ግፊት ነው። እዚህ ዋናው ጠባቂ ሙቀት ነው። የሚወጣው አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ75 እስከ 95 ዲግሪ ነው፤ 110 አካባቢ ሲደርስ ማሽኑ ይጠፋል። ይህ ሴንሰር ማሽኑ ላይ አለ፤ ንባቡም ፓነሉ ላይ ይታያልና ድጋሚ አትክፈሉበት።

የዘይት ላብራቶሪ ምርመራ እንደ ስዊቹ ማሽኑን አያጠፋውም፤ ውጤቱም ቀናት ይወስዳል። ሆኖም ውፍረቱን፣ አሲዱን፣ ውሃውን፣ የብረትና የመዳብ ብናኙን ለይቶ ይነግራችኋል። ብናኙ ከናሙና ወደ ናሙና ከጨመረ ማሽኑ ውስጥ እየተፋቀ የሚያልቅ ክፍል አለ ማለት ነው።

ዘይቱ ውስጥ ተተክሎ ቀን ከሌት የሚለካው ሴንሰር ውድ ነው። ሲቆም ፋብሪካውን ሁሉ ለሚያቆም ትልቅ ማሽን ያዋጣል። ለአንድ ተራ ስክሪው ግን እኔ አልገዛውም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ናሙና ልኬ፣ የተረፈውን ብር ለጥሩ ዘይትና ለፊልተር አውለዋለሁ።

ናሙናውን ዘይቱ እንደሞቀ ቅዱ፤ ከታች መድፊያው መጀመሪያ የሚወጣው ዝቃጭ ስለሆነ እሱን አፍስሱት።