ወፍራም ዘይት መሙላት ወይስ ግፊቱን ማስለካት?

ያረጀ መኪና ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) የዘይት መብራት ብልጭ ካደረገና ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ ምክሩ ሁለት ዓይነት ነው። "ወፍራም ዘይት ሙላበትና ንዳው" ወይም "መጀመሪያ የዘይቱን ግፊት አስለካ"። የዘይቱን መጠን በመለኪያ ዘንጉ ማየት ከሁለቱም ይቀድማል።

ወፍራም ዘይት ርካሽ ነው። ሸዋሮቢት ሙቀት ላይ መብራቱ ሊጠፋ፣ ድምፁም ሊለዝብ ይችላል። ያለቀው ብሮንዝ (ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍበት ስስ ልባስ) ግን እንዳለቀ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በውርጭ ጠዋት ያ ዘይት ከብዶ ወደ ሞተሩ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል።

ልኬቱ ሥራ አይፈጅም። መካኒኩ የዘይት ግፊት ቡልቦውን (መብራቱን የሚያበራውን ሴንሰር) ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ ያስራል። የሚነበበው ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ነው። በልምድ ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው ለየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር (የግፊት መለኪያ) ገደማ ይጠበቃል፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ጌጁ ደህና ካሳየ መብራቱን ያበራው ቡልቦው ወይም ሽቦው ሊሆን ይችላል። በትንሽ ብር ተገላገልክ ማለት ነው። ዝቅ ካለ ጆሮህን ጣል አድርግ። ከላይ ቀጭን ቲክ ቲክ ከሆነ ቫልቭ አካባቢ ነው። ከታች የሚመጣ፣ የጣርማበርን ዳገት ስትወጣ የሚብስ ወፍራም ኳኳታ ከሆነ የቢየላ (ፒስተኑን ከታች ከሚሽከረከረው ብረት የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዝ ጠርጥር። ያኔ መንዳቱ ይቅር፤ አስጎትተው።

እኔ ያለ ማመንታት ልኬቱን እመርጣለሁ። ያገለገለ መኪና ስትገዛማ የግድ ነው፤ ሻጩ ድምፁን በወፍራም ዘይት አፍኖት ሊሆን ይችላል።