ፕሮቶን ጨረር ለእማየ ሳንባ፦ ማሽኑ አራት ኮከብ፣ አመቻቹ አንድ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ደውሎልኛል። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ "ፕሮቶን የሚሉት የካንሰር ጨረር ያዋጣል ወይ? እናትህን ወስደሃት አልነበር?" በስልክ ሳወራው ሁልጊዜ አንዱን ነገር እረሳለሁ። ስለዚህ አንዴ ጽፌው ልረፍ።

ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። የማውቀው በእማየ ላይ ያየሁትንና ሐኪሞቹን እየነዘነዝኩ ያወጣጣሁትን ነው።

እማየ 67 ዓመቷ ነው። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ግን 40 ዓመት አረቄ አውጥታለች። ማርቆስን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ጥቀርሻ ባጠቆራት ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ፣ ከድፍድፉ ሥር እሳት እየማገደች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው ያሳደገችን። የማገዶ ጭስ ለሳንባ ካንሰርም ሰበብ ሊሆን እንደሚችል የሰማሁት እሷ ከታመመች በኋላ ነው።

አምና መስከረም ጭቃ አዳልጧት ወደቀች። "ጎኔን፣ ጎኔን" ስትል ራጅ አስነሣናት። አጥንቷ ደህና ነው፤ ግራ ሳንባዋ ላይ ግን ትንሽ ነጭ ነገር ታየ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ቲቢ ነበር፣ አክታዋ ተመረመረ፣ የለም። ባሕር ዳር ሲቲ ስካን ተነሣች። ከዚያ ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ወረድን፤ በመርፌ ናሙና ተወሰደ፣ ካንሰር ሆነ። 2.3 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ወደ ንፍፊት አልተሻገረም፣ ደረጃ አንድ ነው አሉን። ያ ጭቃ ባያዳልጣት ኖሮ ደም እስክታስል የምናውቀው ነገር አልነበረም።

በዚህ ደረጃ የመጀመሪያው ምርጫ ቀዶ ሕክምና ነው። የእሷ ትንፋሽ ሲለካ ግን ጭሱ ሳንባዋን ጨርሶታል፤ ቢቆርጡላት በቀረው መተንፈስ አትችልም። ቀጥሎ ያለው ጨረር ነው። እዚህ ላይ ነው የውጭ ሕክምና የሚያመቻች አንድ ሰው የገባው። ስሙን አልጠራም። "ፕሮቶን ነው የሚያስፈልጋት፣ ጤናማውን ሥጋ አይነካም፣ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም፣ መቶ በመቶ ያድናል" አለን። እኔም ነጋዴ ነኝ፣ ሰው እንዲህ ሲያወራ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን እናት ናት። የከተማ ቦታችንን ሸጥን። ፕሮቶን ደግሞ አገራችን የለም፣ ህንድ ሄድን።

አሁን ስለ ዕቃው ራሱ። የተለመደው ጨረር ኤክስሬይ ነው፤ እንደ ጥይት በስቶ በሌላኛው በኩል ይወጣል፣ በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። ፕሮቶን ግን የሃይድሮጅን አቶም እምብርት ነው፣ ክብደት አለው። ማሽኑ እያሽከረከረ የብርሃንን ፍጥነት 60 በመቶ ያህል ያደርሰዋል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ እየቀዘቀዘ ሄዶ ልክ ሊቆም ሲል አብዛኛውን ኃይሉን እዚያች ቦታ ላይ ያራግፋል፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የጠበቀ ሰው ይገባዋል፤ የወንጭፉ ድንጋይ የሚወድቅበትን ቦታ በክንድህ ኃይል ትወስናለህ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሮበርት ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ነው እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕክምና ይሁን ያለው፤ በ1954 ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ላይ በሰው ተሞከረ።

ችግሩ ሳንባ አርፎ አይቀመጥም። በተነፈሱ ቁጥር ዕጢው ይወጣል ይወርዳል። ኤክስሬይ ቢሆን በስቶ ስለሚያልፍ ትንሽ ስህተት ይችላል፤ ፕሮቶን ግን የሚቆምበት ቦታ ስለተቆረጠለት ዕጢው ከቦታው ሲነቃነቅ ይስታል ወይም አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ እማየ ትንፋሿን መያዝ ነበረባት። እሷ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም፣ አስተርጓሚው ክፍሉ ውስጥ አይገባም። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ ተበላሸ፤ "ሆልድ" ሲሏት ቀና ብላ ታያቸዋለች። በመጨረሻ አንዲት ቴክኒሺያን ስልኬን ተቀበለችኝና ድምፄን ቀዳሁ፦ "እማየ፣ ሳቢ... ያዢው... በርቺ... ልቀቂ።" በየቀኑ እሱን በድምፅ ማጉያ ለቀቁላት። እሷም "ያንተን ድምፅ ስሰማ ማርቆስ ያለሁ መሰለኝ" አለች። ለዚያች ልጅ ብቻ አንድ ኮከብ እጨምራለሁ።

ከመጀመሩ በፊት ልክ የሚያስተኛትን ፍራሽ በሰውነቷ ቅርጽ ሠሩላት፣ ደረቷ ላይም የማትጠፋ ሦስት ጥቃቅን ነጥብ ነቀሱ። አስተርጓሚው እየተጨነቀ "ቅር አይበልዎት" ሲላት ግንባሯ ላይ ያለውን መስቀልና የአንገቷን ንቅሳት አሳየችው። "እኔ በልጅነቴ በእሾህ ተነቅሻለሁ፣ ይቺ ምን አላት?" አለች፤ ሁላችንም ሳቅን።

10 ቀን ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ እረፍት። ጨረሩ ራሱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፣ አይሰማትም። የሚረዝመው ማስተካከሉ ነው፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ማሽኑን ያየሁት ሰው በሌለበት ሰዓት ለምኜ ነው። ከውስጥ ነጭ ንጹሕ ክፍል ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ግን ሦስት ፎቅ የሚያህል የሚዞር ብረት አለ። ብረት የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ለረጅም ጊዜ ፈዝዤ ቀረሁ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ክብደት እንዳትቀንስ አስጠነቀቀ፤ ሰውነቷ ከሳ ማለት የተለካው ጥልቀት ይለወጣል፣ ሂሳቡ እንደገና ይሠራል። አልሰማም አለች። የንስሐ አባቷ ማርቆስ ድረስ ተደውሎላቸው በስልክ ፈቱላት፣ ከዚያ በኋላ ነው እንቁላል የቀመሰችው።

"የጎንዮሽ ጉዳት የለውም" የተባለው ውሸት ነው። ጨረሩ በገባበት በኩል ጀርባዋ እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ጠቆረና አሳከካት። ድካሙ ወር ቆየ። ዋናው ግን በሁለተኛው ወር ቤት ከገባን በኋላ የመጣው ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ነው። እዚህ የወሰድናት ክሊኒክ የሳንባ ምች ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጣት፣ አልተሻላትም። ህንድ ደውለን ነው የጨረር ቁስለት መሆኑ የታወቀው፤ በሚያክማት ሐኪም ክትትል በስቴሮይድ ክኒን ዳነች። የምትሄዱ ሰዎች፣ የሕክምናውን ሲዲና ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ፣ እዚህ ላለው ሐኪምም አስቀድማችሁ አሳዩት።

ዋጋው ደግሞ የተነገረን ሌላ፣ የከፈልነው ሌላ ሆነ። የዕቅዱ ስካን ለብቻ፣ ፍራሹ ለብቻ፣ ድጋሚ ምስሉ ለብቻ። በሱቄ ቋንቋ፣ በሩን ሸጦልህ ማጠፊያውንና ቁልፉን መንገድ ላይ እንደማስከፈል ነው።

እና ያዋጣል ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ለደረጃ አንድ ትንሽ ዕጢ ስቴሪዮታክቲክ የሚባል አነጣጥሮ የሚመታ የኤክስሬይ ጨረር አለ። ከ3 እስከ 5 ቀን ያልቃል፣ ዋጋውም ከፕሮቶን በጣም ያንሳል፣ ዕጢውን ባለበት ከ10 ሰው 9 ያህሉ ላይ ይይዘዋል። ፕሮቶን በዚህ ደረጃ ከእሱ ይበልጣል የሚል ማረጋገጫ የለም። አሜሪካ ውስጥ ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍለው ሁለቱን ሊያወዳድሩ የጀመሩት ጥናት እንኳ በቂ ሕመምተኛ አጥቶ ሳይጨርስ ተዘግቷል። ይህን የነገረኝ ያው ህንድ ያከማት ሐኪም ነው፣ ጠይቄው፣ ከከፈልኩ በኋላ። የእሷ ዕጢ ወደ ልቧ ስለተጠጋና ሳንባዋ የተጎዳ ስለሆነ ፕሮቶን ምክንያት አለው፣ ግን ግዴታ አልነበረም አለኝ። ዕጢው ከልብና ከትልልቅ አየር ቧንቧዎች የራቀ ሰው ቦታውን ከመሸጡ በፊት "ስቴሪዮታክቲክ አይበቃኝም ወይ?" ብሎ የጨረር ሐኪም ይጠይቅ። ደላላ አይጠይቅ።

በስድስተኛ ወሯ ስካን ተነሣች። ዕጢው ቀንሷል፤ የቀረው ጠባሳ ይሁን ሌላ ገና በየጊዜው ይታያል። እሷ ግን ገበያ ትወጣለች፣ ትጣላለች።

ማድ ቤቱን አፍርሼ የአረቄውን ምድጃ ግቢ ውስጥ ከዳስ ሥር ጭስ ማውጫ ሠርቼለት አስቀመጥኩት፤ እሳት የሚማግድ ልጅም ቀጠርኩላት። ከሩቅ ሆና ታዛለች። የመጀመሪያውን አረቄ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። "ጭስ ጭስ የማይል አረቄ የቄስ ውኃ ነው" ብላ መለሰችልኝ።