በባትሪ የሚሠራ ባለሪሞት መጋረጃ፦ ባሕር ዳር ላይ ከአሥር ወር በኋላ

አዳር የምሠራ ነርስ ነኝ። ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን የምደርሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ እኔ እተኛለሁ። የመኝታ ክፍሌ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። እስከ ቀትር ደህና ነው፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባና በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ክፍሉ እንደ ምጣድ ይግላል። ስስ መጋረጃ ላይ ወፍራም ጨርቅ ደርቤ፣ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ለዓመታት ተኝቻለሁ። ተኝቻለሁ እንጂ እንቅልፍ አልነበረም። ኅዳር 2017 ላይ በባትሪ የሚሠሩ፣ በሪሞት የሚወጡና የሚወርዱ ሦስት ሮለር፣ ማለትም ጨርቃቸው ቱቦ ላይ የሚጠቀለል፣ መጋረጃዎች ገዛሁ፤ አንዱ ለእኔ ክፍል፣ አንዱ ለእማዬ፣ ትልቁ ለሳሎን። ይህን የምጽፈው በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ነው፤ በጋውንም ክረምቱንም አይተዋል።

በባትሪ የሚሠራውን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። በመብራት የሚሠራው ዓይነት ግድግዳ ተፈልፍሎ ሽቦ ይዘረጋለታል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ባለበት ይቀራል። የእኔዎቹ ባትሪያቸው ጨርቁ በሚጠቀለልበት ቱቦ ውስጥ፣ ከሞተሩ ጋር ነው ያለው፤ መብራት ኖረ አልኖረ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሁለተኛው ምክንያት ልጄ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ያገኘው ነገር ላይ ይንጠለጠላል። በሰንሰለት የሚሳበው ሮለር መጋረጃ ዋጋው የእነዚህ ሲሶ ገደማ ነበር፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ ቀለበት ሠርቶ ስለሚንጠለጠል የሕፃን አንገት ሊገባበት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የመጋረጃ ደረጃ ተንጠልጣይ ገመድን የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። በሰንሰለት የሚሳብ መጋረጃ ያላችሁና ትንሽ ልጅ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ሰንሰለቱን ወጥራችሁ ግድግዳው ላይ እሰሩት።

ሻጩ ስለ ሞተሩ ብዙ አወራኝ፤ ስለ ጨርቁ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከአሥር ወር በኋላ የምለው ግን ሞተሩ ከሁሉም ትንሹ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ ጨርቁ፣ ቀጥሎ ልኩ። ለመኝታ ክፍሌ ብላክአውት የሚባለውን፣ ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፈውን፣ ጀርባው ነጭ የሆነውን መረጥኩ። ነጩ ወደ መስታወቱ ሲዞር ፀሐዩን መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል። ሁሉንም አይደለም፤ ጨርቁ ከመስታወቱ ወዲህ ስለሆነ የገባው ሙቀት ከፊሉ ቤት ውስጥ ይቀራል። በረንዳ ወይም ጥላ የሚጥል ዛፍ ያለው ሰው ከማንኛውም መጋረጃ የተሻለ ነገር አለው። ቢሆንም በሚያዝያው ሙቀት ከ8 እስከ 10 ሰዓት የተኛሁት በዚህ ዓመት ነው።

ለሳሎኑ ሰንስክሪን፣ ማለትም እንደ ወንፊት የተሠራውን፣ 5 በመቶ ክፍተት ያለውን አዘዝኩ። ቀን ቀን ድንቅ ነው፤ ውጭውን እያየሁ ዓይኔን አይወጋኝም። ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤት ውስጥ መብራት ሲበራ ከውጭ የሚያልፍ ሰው ያየናል። ስለዚህ የድሮው መጋረጃ ሳሎን ውስጥ እንዳለ ነው፤ ሲመሽ እሱን እንዘረጋለን።

ሳሎኑ ሰሜን ነው የሚያየው፤ በበጋ ፀሐይ ደርሳበት አታውቅም። ግንቦት ላይ ግን ማለዳ ከጎን ሰያፍ ብላ ገባች፤ ማታም በሌላው ጎን። የእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ በስተሰሜን ታልፋለች፤ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው። መስኮታችሁን በበጋ ብቻ አይታችሁ ጨርቅ አትምረጡ።

ልኩ ላይ ተሳስቻለሁ። የእማዬን መስኮት ስለካ ሜትሩን ላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ ዘረጋሁ። ልስኑ ግን ወደ ታች እየወፈረ ነው የሚሄደው፤ ታችኛው ስፋት ከላይኛው በ8 ሚሊ ሜትር ያንሳል። መጋረጃው መስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ፣ በግራና በቀኙ ግድግዳ መካከል፣ ስለተገጠመ በግራ በኩል ግድግዳውን እየታከከ ወረደ፤ በሦስተኛው ወር ጠርዙ ፀጉር አውጥቶ ክሩ ተመዘዘ። የላላውን ክር በመቀስ አስተካክዬ፣ ልስኑን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁትና አቆምኩት፤ ጠባሳው ግን አለ። ለእኔ ክፍል ግን ከጉድጓዱ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ነው ያስገጠምኩት፤ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር አስተርፌ። ጨርቁ ሁልጊዜ ከቱቦው ጠበብ ስለሚል ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በሁለቱም ጎን ቀጭን ብርሃን ይገባል፤ ለእማዬ ምንም አይደል፣ ቀን ለሚተኛ ሰው ግን ያ ቀጭን ብርሃን ዓይን ላይ ያርፋል።

ገጠማው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ከመስኮቱ በላይ ያለው አርማታ ፊሸርን (ብሎኑ የሚገባበትን ፕላስቲክ) አጥብቆ ይይዛል፤ ከአርማታው ወጥቶ ብሎኬት ላይ የሚያርፍ ብሎን ግን ውሎ አድሮ ይላላል። የሳሎኑ አንድ ጫፍ ብሎኬት ላይ ስላረፈ ሁለተኛ ወሩ ላይ ተነቅሎ ረዘም ባለ ፊሸር እንደገና ተገጥሟል። ሻጩ በስልክ የሚታዘዝበትን ዕቃም ጨምሪ ብሎኝ ነበር፤ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም ስለሚሄድ አልወሰድኩም፤ ጎድሎብኝም አያውቅም።

አሁን ወደ ባትሪው። አንዴ ሲሞላ 6 ወር ይቆያል ተብዬ ነው የገዛሁት። የእኔ ክፍል መጋረጃ በቀን አንዴ ወርዶ አንዴ ይወጣል፤ መጀመሪያ የሞላሁት 4 ወር ተኩል ሄደ። የእማዬ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ስለሚል ሁለት ወር ነው የሚቆየው። የሳሎኑ ስፋቱ 2 ሜትር ከ20 ነው፤ ጨርቁም ከባድ ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ይደክማል። ባትሪውን ይበልጥ የሚበላው ማውረዱ አይደለም፤ ክብደቱን ወደ ላይ መሳቡ ነው። ስለዚህ የሻጩን ወር ሳይሆን የራሳችሁን መስኮት ስፋት አስቡ። እኔ ዛሬ ብገዛ የሳሎኑን ለሁለት ከፍዬ 1 ሜትር ከ10፣ 1 ሜትር ከ10 አደርገው ነበር።

ሊያልቅ ሲል ይታወቃል፤ አወጣጡ ይዘገያል፣ መሃል ላይ ቆም እያለ ይሄዳል። ያን ጊዜ ባዶ እስኪሆን አልጠብቅም፤ ሊትየም ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ዕድሜው ያጥራል። የስልኩን ዓይነት ታይፕ ሲ ገመድ ነው የሚወስደው፤ ማታ ሰክቼ ማለዳ እነቅላለሁ። ሐምሌ ላይ መብራት እየመጣ እየሄደ ሲያስቸግር ፓወር ባንክ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ሞልቼዋለሁ፤ ያለ ችግር ሞልቷል። ገመዱ ግን ረጅም ይሁን፤ አብሮ የመጣው አጭር ስለነበር ፓወር ባንኩ ተንጠልጥሎ መሰኪያውን ወደ ታች ሲጎትተው አይቼ ነው 2 ሜትር የገዛሁት።

እማዬ ከሞጣ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ቀኝ ትከሻዋ ከጆሮዋ በላይ አይነሳም፤ መጋረጃ መሳብ ለእሷ ሕመም ነበር። እንዳታስቸግረን ብላ ጨለማ ውስጥ ትቀመጥ ነበር፤ ይህን ያወቅኩት መጋረጃው ከተገጠመ በኋላ ነው። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ጎህ ሲቀድ ውዳሴ ማርያሟን ካልደገመች ቀኑ አልጀመረም። የእሷ መስኮት ምሥራቅ ያያል። አሁን አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች ቁልፉን ትጫናለች፤ አራት ጣት ያህል ከፍ ሲል ታቆመዋለች። ያቺ ብርሃን ልክ ጉልበቷ ላይ፣ መጽሐፉ ላይ ታርፋለች። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ደግሞ ሁለት ጣት ታወርደዋለች። «እንደ ልቤ ሆነልኝ ልጄ» አለችኝ አንድ ቀን፤ ሌላ ምንም አላለችም። ባትሪዋ በሁለት ወር የሚያልቀው ለዚህ ነው፤ ይለቅ።

ለእሷ አንድ መጋረጃ ብቻ የሚያዝ ሪሞት ነው የወሰድኩት። አምስት መጋረጃ የሚያዘው ቁጥር ስለሚመረጥበት ግራ ያጋባታል። ወደ ላይ የሚያስኬደውን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባሁላት፤ መነጽር ሳታደርግም ታገኘዋለች።

ሪሞት ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጥር ላይ ልጄ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ያዛቸው። የሳሎኑ መጋረጃ አቅጣጫው ተገለበጠ፤ ውረድ ሲባል ወጣ፣ ጨርቁም በተቃራኒ በኩል ተጠቀለለ። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ እየተጫንኩ መጋረጃው ላይና ታች የሚቆምበትን ወሰን እንደገና እስካስተካክል አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። መመሪያው ወረቀት ባይኖረኝ አይሆንልኝም ነበር፤ አትጣሉት፤ ፎቶም አንሱት።

ሁለተኛው ከዚህ ይበልጣል። ሪሞቱ ውስጥ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮ ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ልታቃጥል ትችላለች፤ የሰውነት እርጥበት ኤሌክትሪኩን ያስተላልፍና ሥጋውን ይበላዋል። ክዳኑ በብሎን የማይዘጋ ሪሞት ልጅ ያለበት ቤት አይግባ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስታውክ አታድርጉት፤ አታዘግዩ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። የእኔ ሪሞቶች የሚወስዱት ሲአር 2430 የሚባለውን ባትሪ ነው፤ ሱቅ በየደጁ የሚሸጠው ግን 2032 ነው፤ ስትገዙ መለዋወጫውን አብራችሁ ያዙ።

አቧራውን በደረቅ ጨርቅ፣ ከላይ ወደ ታች እጠርጋለሁ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የሳሎኑን ወደ ላይ አወጣዋለሁ፤ ወንፊቱ ጢስ ይይዛል።

ትናንት የልጄን ክፍል ለካሁ፤ ከመስኮቱ በአንዱ ጎን ቁም ሳጥን ስላለ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚገባው። ላይ 118 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር፣ መሃል 118 ከ1፣ ታች 117 ከ6። ብላክአውት፣ ጀርባው ነጭ። ለሻጩ የላክሁት 117 ከ6ን ነው።