የቤት ውስጥ ኢንፍራሬድ ሳውና በደብረ ብርሃን ብርድ፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ሥራው ግን ከመብራት መስመሩ ይጀምራል

ቤቴ ያስገባሁትን ኢንፍራሬድ ሳውና ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ "ይሠራል ወይ? ልግዛ ወይ?" ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ እዚህ ላይ በደንብ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ለደብረ ብርሃን ዓይነት ከተማ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ተቀምጦ ማታ ማታ አጥንት ለሚበላ ብርድ፣ የሚመች ነገር ነው። ግን ገንዘባችሁ የሚጠቅመው ወይም የሚባክነው ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ነው። የመብራት መስመራችሁና የምታቆሙበት ክፍል ካልተስተካከለ በጣም ውዱን ብትገዙም አይረባችሁም። ሻጮቹ ይህን አይነግሯችሁም፣ ስለዚህ እኔ በዝርዝር እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንግባባ። ብዙ ሰው ሳውና ሲባል ትዝ የሚለው ሆቴል ውስጥ ያለው ስቲም ነው። ይሄ እንፋሎት የለውም። ድንጋይ የለውም፣ ውሃ አይፈስበትም፣ በፍጹም መፍሰስም የለበትም። ግድግዳው ውስጥ የተገጠሙ ጠፍጣፋ የካርቦን ፓነሎች አሉ። እነሱ ሲሞቁ ኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃሉ፣ ጨረሩም አየሩን እስኪያሞቅ ሳይጠብቅ ቀጥታ ሰውነት ላይ ያርፋል። የኛ አገር ሰው ይሄን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ኅዳር ላይ፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ጠዋት ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ተደግፈን ጀርባችንን ስንሞቅ አየሩ ገና ጆሮ ይቆርጣል፣ ጀርባችን ግን ሞቋል። ሥራው እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው የፊንላንዶቹ ባህላዊ ሳውና ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሲሄድ ይሄኛው ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ሆኖም በደንብ የሚያልበው። ከስቲሙ ጋር ሲተያይ ትንፋሽ አያፍንም። ሆቴል ውስጥ ገብቶ "ታፈንኩ" ብሎ የወጣ ሰው ይሄን ሊወደው ይችላል።

አሁን ወደ መብራቱ። የኔው ለሁለት ሰው የሚባለው ዓይነት ነው፣ 1,750 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 8 አምፔር ገደማ ነው። አትደንግጡ፣ የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ ስለዚህ በኤሌክትሪክ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ይሄን መሸከም አያቅተውም። ችግሩ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ባንድ መስመር ላይ ሲሆኑ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ሶኬቱን ፈታ አደረገና ትንሽ ዝም አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሶኬት እኮ ከፍሪጁና ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር ላይ ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል ወንድሜ?"

"ከቦርዱ ለብቻው መስመር ይሳብለት። ካልተሳበለት እኔ አላገናኝም።"

እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከቦርዱ አወጣ፣ ለብቻው 16 አምፔር ብሬከር አደረገለት። ከዚያ ኧርዙን፣ ማለትም የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ አየ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ይሄ የብዙ ቤት ችግር ነው። ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቦታ አለ፣ ከኋላው ግን ሽቦው የትም አይደርስም፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር የለም። በላብ የረጠበ ሰው በባዶ እግሩ ተቀምጦበት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ያለ ኧርዝ መጠቀም ቀልድ አይደለም። ዘንግ ተቀብሮ በትክክል ተገናኘ። ለዚህ የወጣው ብር ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምቆጥረው እሱን ነው። ዲቫይደር ላይ ሰክቶ መጠቀምማ ጭራሽ አይታሰብ። ዲቫይደሩ ይቀልጣል።

ሌላው የኃይል መዋዠቅ ነው። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው ወደ 180 ሲወርድ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፣ የማሞቂያው ጉልበት ግን ወደ ሁለት ሦስተኛ ነው የሚወርደው፣ 1,750 ዋቱ ወደ 1,170 ገደማ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "በ15 ደቂቃ ይሞቃል" የሚለውን ብዙ አትመኑ። በብርድ ማታ ግማሽ ሰዓት አልፎም ገና ይሆናል። ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። እኔ ጠዋት ወይም እኩለ ቀን ላይ ነው የምጠቀመው፣ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ፓነሎቹ ብዙም አይነካቸውም፣ የሚያሳስበው የሳውናው መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል የሚመጣው እሱን ነው የሚመታው። አቅሙ ከሳውናው ከፍ ያለ ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዕቃ) አድርጉ፣ መብራት ሲጠፋም ብሬከሩን ዝቅ አድርጉ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ነው። እሱን እዚህ 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው።

ቦታውን በተመለከተ፣ የኔው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ባለ ሊሾ ወለል ላይ ነው የቆመው። ወለሉ ልክ መሆን አለበት። ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ እዩት፣ አንድ ጥግ እንኳ ዝቅ ካለ ግድግዳዎቹ አይገናኙም፣ የመስታወት በሩም ይንሸራተታል። እርጥበት የሚስብ ክፍል ክረምት ላይ እንጨቱን ያሳብጠዋል። ከግድግዳው በትንሹ አንድ ጭብጥ ያህል አርቁት። ከላይም ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፣ ሳውናው ቁመቱ 190 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሽቦው የሚሰካው ደግሞ የራሱ ጣሪያ ላይ ስለሆነ እጅ የሚገባበት ቦታ ከኮርኒሱ በታች መቅረት አለበት።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን በአይሱዙ ነው የመጣው። ሻጩ "ቤት ድረስ" ብሎ ነበር፣ ሾፌሩ ግን አስፋልቱ ዳር አራግፎ ሄደ። ሻጩ ጋ ስደውል "ከሾፌሩ ጋር ተነጋገሩ" ተባልኩ። ይሄ በጣም አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም ዕቃው 150 ኪሎ ገደማ ነው፣ መስታወትም አለበት። ጫኝና አውራጅ ለብቻ ከፍዬ አስገባሁ። እናንተ "ቤት ድረስ" ማለት እስከ የት እንደሆነ በጽሑፍ ይሁንላችሁ። በሩ 8 ሚሊ ሜትር ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ነው። ፊቱን ቢመቱት ይችላል፣ ጠርዙ ግን ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ ከተመታ እንዳለ ይፈርሳል። ሁልጊዜ ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ ላይ አቁሙት።

መግጠሙ ከፈራሁት በላይ ቀሎኛል። ካቻቪቴ የያዙ ሁለት ጎልማሶች ይበቃሉ፣ ጣሪያው ሲነሳ ሦስተኛ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። መጀመሪያ ወለሉ ይቀመጣል፣ ከዚያ የኋላው ግድግዳ፣ ከዚያ አንዱ ጎን። ግድግዳዎቹ ጠርዛቸው ላይ ጥርስና ቦይ አላቸው። ጥርሱን ቦዩ ውስጥ ስታስገቡት መጀመሪያ እምቢ ይላል። አትደብድቡት። አንድ ሰው ከታች በጉልበቱ ገፋ፣ ሌላው ከላይ በመዳፉ ተጫን ሲያደርጉት "ጭጭ" ብሎ ይገባል፣ ከዚያ በውጭ በኩል ያሉት የብረት መቆለፊያዎች ይጠበቃሉ። አግዳሚው ከፊተኛው ግድግዳ በፊት ነው የሚገባው። ፊቱ ከተዘጋ በኋላ አግዳሚውን ማስገባት አይቻልም፣ ሁሉንም ፈትቶ መጀመር ነው። አብሮት የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ይህን በአንዲት ትንሽ ሥዕል ነው ያለፈው። እንግሊዝኛውም እንጃ፣ ከቻይንኛ በግድ የተገለበጠ ነው፣ ስለዚህ ጽሑፉን ትታችሁ ሥዕሉን ተከተሉ።

ጣሪያው ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከየግድግዳው የሚወጣው ሽቦ በጣሪያው ቀዳዳ ይወጣና ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ጋር ይሰካል። የማሞቂያዎቹ ወፍራም ናቸው፣ የሙቀት መለኪያዋ ሽቦ ግን እንደ ክር ቀጭን ናት። እሷ ከጣሪያው ሥር ከተቀነጠበች ሳውናው ምን ያህል እንደሞቀ አያውቅም። ጣሪያው ሲወርድ አንድ ሰው ሥራው ሽቦ መጠበቅ ብቻ ይሁን።

ሲያልቅ ወዲያው አትግቡበት። ውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ በሩንና የክፍሉን መስኮት ክፈቱ፣ እስከ መጨረሻው ሙቀት ለኩሱና ባዶውን ለአንድ ሰዓት ያህል ተዉት። የሙጫና የአዲስ እንጨት ሽታ ይወጣል። እኔ ደግሜ አድርጌዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የቀረው ቀለል ያለ የእንጨት ጠረን ብቻ ነው። ሄምሎክ የሚባል እንጨት ነው፣ እንደ ወፍ ዋሻ ጫካ ጥድ አይሸትም፣ ይሄ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ውስጡን ቫርኒሽ መቀባት ግን በፍጹም አይሆንም፣ ሲሞቅ የምትተነፍሱት እሱን ነው።

መቆጣጠሪያው ላይ 120 ወይም 140 የሚል ቁጥር ካያችሁ ፋራናይት ነው። 140ው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። በቁልፉ ይቀየራል።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። መጀመሪያ ሐኪሟን ጠየቅን። ፈቀደላት፣ ግን ሙቀቱ ዝቅ ብሎ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ብቻዋን ሳትሆን።

"አንተ ልጄ፣ እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው የምትዘጋብኝ?"

"አይዘጋም እማዬ፣ መቆለፊያ የለውም። ገፋ ስታደርጊው ይከፈታል፣ እኔም እዚሁ ነኝ።"

ስትወጣ ጉልበቷ እንደቀለላት፣ ሌሊቱንም እንደተኛች ነገረችኝ። ሕመሙ ግን ይመለሳል። ይፈታታል እንጂ አያድንም፣ እኔም ድኗል ብዬ አልዋሻችሁም። እርጉዝ ሴት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ የሚወርድበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይግባ።

ስለ ሻጮቹ ወሬ አንድ ነገር ልበል። "መርዝ ከሰውነት ያወጣል" ይላሉ። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፣ የማጣራቱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። "ኪሎ ይቀንሳል" ይላሉ። የሚቀንሰው ውሃ ነው፣ ጠጥታችሁ ትመልሱታላችሁ። ለልብ ጠቃሚ ነው ብለው የሚያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የፊንላንድ ጥናት ደግሞ የተሠራው በባህላዊው ትኩስ ሳውና ነው፣ በዚህኛው አይደለም። ኢንፍራሬዱን በተመለከተ ጃፓኖች ዋኦን የሚሉት ሕክምና አለ። የልብ ሕመምተኞችን በ60 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ያስቀምጡና ከዚያ ለ30 ደቂቃ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያሳርፋሉ። ይሄ ግን በሐኪም ክትትል የሚደረግ ነው፣ ለቤት ፈቃድ አይደለም። እኔ ከሱ የወሰድኩት የመጠቅለሉን ነገር ነው። እዚህ ከተማ አልቦት የወጣ ሰው በር ላይ ንፋስ ከመታው ጥሩ አይሆንም። ላባችሁን አድርቁ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተቀመጡ።

ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምሱ ቆይታችሁ አትግቡ። ከበላችሁና ከጠጣችሁ በኋላ ይሁን። አረቄ ቀምሶ መግባት ደግሞ አደጋ ነው። ሁለቱም ግፊት ያወርዳሉ፣ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው ይኖራል።

የማልወደው ነገርም አለ። ወለሉ ማሞቂያ የለውም፣ ላይኛው አካል እያላበው እግር ይቀዘቅዛል። ወፍራም ፎጣ አነጥፋለሁ፣ ሙሉ መፍትሔ ግን አይደለም። ሌላ ሞዴል የምትመርጡ ከሆነ ከእግር ሥርና ከባት ጀርባ ፓነል ያለውን ምረጡ፣ ለኛ ብርድ እሱ ነው የሚያስፈልገው። "የሁለት ሰው" የሚባለው ለአንድ ሰው ነው የሚመቸው፣ ሁለት ጎልማሶች ትከሻቸው ይጋጫል። አብሮት የመጣው ድምፅ ማጉያ ድምፁ የቆርቆሮ ነው። የመብራት ፍጆታው ግን አያስፈራም፣ ለአርባ አምስት ደቂቃ ቢበራ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው።

ዋጋውን አልጽፍም፣ ከምንዛሬው ጋር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ያሳስታችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሻጩን ስለ ሁለት ዕቃ ጠይቁት፦ ስለ መቆጣጠሪያ ቦርዱና ስለ ሙቀት መለኪያዋ። መለዋወጫው እጁ ላይ አለ ወይስ ከቻይና ይጠበቃል? ቢበላሽ የሚሠራ ባለሙያ ደብረ ብርሃን ድረስ ይልካል? "አለ" ካለ ዕቃውን በዓይናችሁ እዩት። "ይመጣል" ካለ ሌላ ሻጭ ጋ ሂዱ።