በጣና ላይ ጀልባ ለመከራየት፦ ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ

ከባሕር ዳር የሚነሳ ጀልባ «1 ሰዓት» ብሎ ከቀጠረ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ነው፤ ስልኩ በውጭ ሰዓት የተሞላ እንግዳ ቀኑን ያጣዋል። ጠዋት መውጣት ግድ ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታው እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባ ያንገጫግጫል።

ዋጋው በሰው ሳይሆን በጀልባ፣ ከነነዳጁና ከነመጠበቂያው መሆኑን አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል። እኛ የሄድንባት ጀልባ በሰዓቷ ደርሳለች፣ ነጂውም ጨዋ ነው። ለልጅ የሚሆን የሕይወት ጃኬት ግን አልነበራትም፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም።

ከመነሳታችሁ በፊት ሞተሩን እዩት። የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውሃ ስለሆነ ሲሠራ ከኋላው ቀጭን ውሃ ይተፋል። እምቦጭ የሚባለው የሐይቅ አረም የውሃ መሳቢያውን ሲደፍነው ያ ውሃ ይቆማል፤ ያኔ አጥፍቶ፣ ወደ ላይ አንስቶ አረሙን በእጅ መንቀል ነው እንጂ መግፋት ሞተሩን ያቃጥላል።

ለግማሽ ቀን የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይበቃል፤ በጀልባ 1 ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ተጉዞ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይደረሳል። ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሥዕሎቹ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ያረፉ ናቸው። ጠጋ ብሎ ላየው የጨርቁ ድርና ማግ ከቀለሙ ሥር ይታያል፣ ከቅዱሳኑ ራስ አጠገብም ስማቸው በግዕዝ ተጽፏል። እርጥበት ሲገባ ጨርቁ ከልስኑ ይላቀቃል፤ ስለዚህ እጅ አይነካውም፣ የካሜራ ብልጭታም ክልክል ነው። ብርሃን ካነሰ ትልልቆቹን የእንጨት በሮች እንዲከፍቱላችሁ ካህኑን በትሕትና ጠይቁ፤ ሥዕሉ ያኔ ነው የሚታየው።

ሙሉ ቀን ላለው የደሴት ገዳማቱ ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ አብረው ይሄዳሉ፤ በደከመ ሞተር መሄጃው ብቻ 3 ሰዓት ይፈጃል። ዳጋ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ነው፤ ሴቶች ግን አይገቡም። ናርጋ ለሁሉም ክፍት ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ሲሆን ራሳቸውም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ከእህት ወይም ከእናት ጋር የሚሄድ ሰው ለናርጋ ሰፊ ሰዓት ይያዝ።

የመግቢያ ክፍያ በየገዳሙ ለየብቻ ነው። ካርድ አይሠራም፣ መልስም አይገኝም፤ ዝርዝር ብር ከባሕር ዳር ይዞ መውጣት ነው።