የሰፈራችን የጠላና የምግብ ቅምሻ

ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተዘጋጀው የጠላና የባህላዊ ምግብ ቅምሻ፣ ጠማቂዎቹ ራሳቸው እየቀዱ ስለ አጠማመቃቸው ያስረዱበት በመሆኑ ከተለመደው ግብዣ እጅግ የላቀ ነበር። ከሁሉ አብልጦ ልቤን የማረከው የገብስ ጠላው ነው። ጋኑ በወይራ በሚገባ ታጥኖ ስለነበር ጣሳው ወደ አፍ ሲጠጋ የጭሱ መዓዛ ይቀድማል፤ የጌሾው ምሬት ደግሞ ከተዋጠ በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ መልኩ የጠቆረውም እንኩሮው (ለጠላው የሚዘጋጀው የዱቄት ሊጥ) በምጣድ ላይ በደንብ ስለታመሰ መሆኑን ጠማቂዋ እናት በትዕግሥት አስረድተውናል። እንዲህ ያለ እውቀት ከባለሙያዋ አንደበት መስማት በራሱ ትልቅ ዋጋ አለው።

ፊልተር የሚባለው የተጣራ ጠላም ጥሩ ነበር፤ ሆኖም ጠንካራ በመሆኑ ምግብ ሳይቀርብ መቀዳት አልነበረበትም። ከምግቡ ድፎ ዳቦው በኮባ ተጋግሮ ትኩሱን ስለቀረበ ከጠላው ጋር በጣም ተስማምቷል፣ ቆሎውም ደኅና ነው፤ ጥብሱ ግን ቀዝቅዞ ደርሶናል። አልኮል ለማይጠጡ ብርዝ መዘጋጀቱ የሚያስመሰግን ሲሆን፣ አንዱን ጠላ ከሌላው ለይቶ ለማጣጣም ጣሳ ማለቅለቂያ ውኃ በየጠረጴዛው ሊቀመጥ ይገባል።