ጎግል ፎርምስ ለቅጥር ቡድን፦ ነጻ ነው፣ ጣጣው ግን ስምና ቀን ላይ ነው

ሲቪ በኢሜይልና በቴሌግራም ተበታትኖ ከሚመጣ በአንድ ሠንጠረዥ ቢሰበሰብ ይሻላል። የጎግል የኢንተርኔት ቅጽ ማዘጋጃ የሆነው ጎግል ፎርምስ ይህን ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ለአነስተኛ ድርጅት ከበቂ በላይ ነው።

ዋናው ራስ ምታት ስም ነው። «ሙሉ ስም» ብቻ ሲባል አንዱ የአያቱን ይተዋል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የራስ፣ የአባትና የአያት ብሎ በሦስት ሳጥን መክፈል፣ «በአማርኛ ብቻ» ማለትም ይረዳል። ቢሆንም «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችው «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም፤ ሁለቴ ያመለከተ ሰው በዚህ ያመልጣል። ተደጋጋሚውን በስልክ ቁጥር ማጣራት ነው የሚያዋጣው። ቁጥሩ 10 አሃዝ ሆኖ በ09 ወይም በ07 እንዲጀምር፣ ካልሆነ ፎርሙ እንዳይቀበል ማረጋገጫ ይደረግለት። የመልሶቹ ሠንጠረዥ ወርዶ በኤክሴል ሲከፈት ግን የፊቷ ዜሮ ትጠፋለች፤ አምዱን እንደ ጽሑፍ ማስገባት ግድ ነው።

የቀን መምረጫው የኛን አቆጣጠር አያውቅም። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ አመልካች ዓመቱን እንዳለ ካስገባ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃል። «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ አይከብድም፣ ብዙ ፎርም ላይ ግን የለም።

ሲቪ ማያያዣው በጎግል አካውንት መግባትን ያስገድዳል፤ የይለፍ ቃሉን የረሳ እዚያው ይቀራል። ፋይሎቹ የሚከማቹት በፎርሙ ባለቤት ጎግል ድራይቭ (የጎግል የፋይል ማከማቻ) ነው፤ ነጻው 15 ጊጋባይት ደግሞ ከጂሜይል ጋር የጋራ ነው። ፎርሙ በአንድ ሠራተኛ የግል አካውንት ከተከፈተና ሰውየው ከለቀቀ፣ ሲቪው ሁሉ አብሮት ይሄዳል።